ግሉኮስ ተሰቀለላት ማለት ተመገበች ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ እህቴ የ11 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ውሃ እንኳ አይረጋላትም፤ ከ58 ኪሎ ወደ 53 ወርዳለች። በሰፈራችን ክሊኒክ ሦስት ቀን ግሉኮስ ቢሰቀልላትም ለውጥ የለም። ሪፈር የተባልንበት ሆስፒታል ደግሞ «ካልተሻላት በደም ሥር እንመግባታለን» አሉን። ፅንሱን አይጎዳውም?

መልስ፦ ክሊኒኩ የሰቀለላትና ሆስፒታሉ ያሰበው ለየቅል ናቸው። ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለው፤ 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ። ጉልበቱ 170 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው፤ ፕሮቲንም ቅባትም የለውም። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ በዚህ መንገድ ይሙላ ቢባል 12 ሊትር ሊገባላት ነው፤ ያ ደግሞ የደሟን ሶዲየም አውርዶ ለሌላ አደጋ ይዳርጋታል። «አቅም እንዲሆናት ግሉኮስ ስጧት» የሚለው የተለመደ ልመናችን ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይባስ ብሎ፣ ለሳምንታት ስታስመልስ የቆየች ሴት ቫይታሚን ቢ1 ያልቅባታል። ስኳሩ ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ይጨርስና አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ 100 ሚሊ ግራም ቢ1 (ታያሚን) ከግሉኮሱ መቅደም አለበት። ነርሷን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ወይም መቃዠት ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጠራ።

እህትዎ ከክብደቷ ወደ 9 በመቶ ቀንሳለች፤ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ተራ የእርግዝና ማቅለሽለሽ አይባልም። ደንበኛው ቅደም ተከተል ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ከፖታሲየም ጋር፣ ቢ1፣ የማስመለስ ማስታገሻ፣ ካልበቃ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ያስፈራል፤ ግን አንጀት እየሠራ ስለሚመገብ ከደም ሥሩ መንገድ ይሻላል። ይህ ተሞክሮ ካልሆነ ነው ወደ ደም ሥር ምግብ የሚኬደው።

እሱም ስኳር፣ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበት)፣ ቅባት፣ ማዕድንና ቫይታሚን የተቀላቀለበት ነው። ወፍራም ስለሆነ የክንድ ትንሿን ሥር ያቃጥላል፤ ልብ አጠገብ እስካለው ትልቅ ደም ሥር በሚደርስ መስመር (ረጅም ቀጭን ቱቦ) ይሰጣል። ፅንሱን በራሱ አይጎዳውም፤ እንዲያውም የእናቱ ረሃብ ነው የሚጎዳው። አደጋው ያለው መስመሩ ላይ ነው፤ ጀርም በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፣ በእርግዝና ደሙ ቶሎ ስለሚረጋም መስመሩ ዙሪያ ይጓጉላል። ሙሉ መጠኑ በመጀመሪያው ቀን ከተለቀቀ ደግሞ ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም በድንገት ወርደው ልብን ያዛባሉ። በጥቂቱ ተጀምሮ እነዚህ በየቀኑ፣ ስኳሯ ደግሞ በየ6 ሰዓቱ ይለካሉ። ይህን የመለካት አቅም የሌለው ቦታ ባይጀምር ይሻላል።

ከረጢቱ ከ24 ሰዓት በላይ አይሰቀል። በዚያው መስመር ሌላ መርፌ እንዳይሰጥ፣ ደምም እንዳይቀዳ አስታማሚው ይከታተል። ብርድ ብርድ ካላት፣ ሙቀቷ 38 ከደረሰ ወይም መስመሩ ያለበት ክንድ ወይም አንገት ካበጠ ወዲያው ይነገር።