ንድፍ ለምትማሩ ልጆች፦ ነጋዴዎች ስለሳቁበት መብራት

ልጆች፣ ንድፍ የሚማር ሰው የጀርመናዊውን የዕቃ ንድፍ ባለሙያ የዋገንፌልድን የጠረጴዛ መብራት ፎቶ ሳያይ አይጨርስም። ክብ የመስታወት መቆሚያ አለው። በላዩ የመስታወት ግንድ፣ በግንዱ ውስጥ ገመዱን የሚሸፍን ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ከላይ ደግሞ ወተት የመሰለ ነጭ የመስታወት ቆብ። ሰንሰለቷን ስትስቡ ይበራል። በቃ፣ ጌጥ የሚባል ነገር የለበትም። በፈረንጆች 1924 በጀርመን ቫይማር ከተማ፣ ባውሃውስ በሚባል የንድፍ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ወርክሾፕ ተሠራ።

ብዙዎቻችሁ መልኩን ወዳችሁ እዚያው ትቆማላችሁ። እኔ በቤት ዕቃ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ከመልኩ ይልቅ በኋላ የሆነውን እንድታዩ እፈልጋለሁ።

ቪልሄልም ዋገንፌልድ ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። ባውሃውስ ሳይገባ በፊት በትውልድ ከተማው በብሬመን የብር ዕቃ ሥራ ተምሯል፤ እጁ ሥራ ያውቃል። (የመስታወት ግንዱን ቀድሞ የሞከረው ካርል ያኮብ ዩከር የሚባል የስዊዘርላንድ ልጅ ነው። የማን ነው የሚለው ክርክር ለዓመታት ቆየ። ከጓደኛ ጋር ስትሠሩ ስዕሉ ላይ የሁለታችሁንም ስምና ቀኑን ጻፉ።) ዋገንፌልድ መብራቶቹን ይዞ ላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ሄደ። ነጋዴዎቹና የፋብሪካ ሰዎቹ ሳቁ። ዕቃው በማሽን የወጣ ርካሽ ነገር ይመስላል፤ ዋጋው ግን የእጅ ሥራ ዋጋ ነው። ይህን በኋላ የተናገረው እሱ ራሱ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሳቃቸው ልክ ነበር። መብራቱ የፋብሪካ መልክ ይዞ በወርክሾፕ በእጅ የሚሠራ ዕቃ ነበር። እናንተም ይህ ይገጥማችኋል። ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ነገር ይገጣጠማል። ቶርኖ ቤት ስትሄዱ ግን ባለሙያው ስዕሉን አገላብጦ «ይሄ በምን ይያዛል?» ይላችኋል። ያናድዳል። ቢሆንም ስዕሉ ሳያልቅ ሂዱ፤ ካለቀ በኋላ ለማረም ልባችሁ እሺ አይልም።

ዋገንፌልድ አኩርፎ አልቀረም። የና በምትባል የጀርመን ከተማ የመስታወት ፋብሪካ ገብቶ በ1931 ሙቀት የሚችል የመስታወት የሻይ ማንቆርቆሪያ ሠራ። ቀጥሎ በላውዚትስ የመስታወት ፋብሪካዎች ኃላፊነት ተሰጠው። በ1938 እዚያ ያወጣው ኩቡስ የሚባለው የምግብ ማስቀመጫ ነው፦ ባለ አራት ማዕዘን የመስታወት ዕቃዎች፣ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቀው የሚወጡ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ሳያባክኑ የሚደራረቡ። መብራቱ መልኩን ብቻ የያዘውን የፋብሪካ ሥራ፣ ኩቡስ በእርግጥ ሆነው።

መብራቱ ዛሬም ብሬመን ውስጥ ይመረታል፤ ከ1980 ጀምሮ፣ በዋገንፌልድ ፈቃድ። አንዱ በመቶዎች ዩሮ ነው የሚሸጠው፤ ያ ዋጋ አሁንም አልወረደም። ፎቶውን ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉት፣ ያምራል። ለመማር ከሆነ ግን መጀመሪያ የኩቡስን ልኮች ፈልጉ። ትንሹ ትልቁ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ በወረቀት ሳሉት።