ከሙኒክ ለገና ለእናት ምን ይወሰድ?

«ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ለእናቴ ምርጥ የሚባል የጀርመን ምግብ ከየት ልግዛ?» ላልሽው እህቴ፣ እኔም ሙኒክ ነው የምኖረው። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጾሙን አስቢ። የነቢያት ጾም የሚፈታው ለገና ነው። አንቺ ስትደርሺ እናትሽ ገና እየጾሙ ነው። ስለዚህ አሁን የሚቀመስና ለፍስኩ የሚቀመጥ ለይተሽ ግዢ።

ለጾሙ ማርዚፓን ውሰጂ። የተፈጨ አልመንድና ስኳር ነው። ስመ ጥሩው የሉቤክ ከተማው ሲሆን፣ ኒደርኤገር የሚባለው ማርዚፓን ሠሪ እዚያ ከ1806 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የእሱን ተራ ሱፐርማርኬትም ታገኚዋለሽ፤ ልዩ ሱቅ ገብተሽ አትክሰሪ። ቸኮሌት የተቀባ ከሆነ ግን ጀርባውን አንብቢ። «ሚልሽ» (ወተት) ወይም «ቡተር» (ቅቤ) የሚል ካለበት ለጾም አይሆንም።

ለፍስኩ የድሬስደን ሽቶለን ይሁን። ዘቢብ፣ አልመንድና የብርቱካን ልጣጭ ያለበት የገና ዳቦ ነው። ታሪኩን ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ዱሮ እሱም የጾም ዳቦ ነበር፤ ያለ ቅቤ፣ በዘይት ነበር የሚጋገረው። ድሬስደን ያለችበት የሳክሶኒ ግዛት መሳፍንት ቅቤ ይፈቀድልን ብለው ሮምን ደጅ ጠኑ። በ1491 እ.ኤ.አ. የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ፈቀዱላቸው። ዛሬ ለ1 ኪሎ ዱቄት ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ቅቤ ካልገባበት የድሬስደን ሽቶለን አይባልም። እውነተኛው ሞላላ ወርቅማ ማኅተም አለው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል፤ እንዲያውም ሲቆይ ይጥማል። ዘቢቡ ብዙ ጊዜ «ሩም» በሚባል የአልኮል መጠጥ ይዘፈዘፋል፤ ለሙስሊም ጎረቤት የምትሰጪ ከሆነ ሻጩን ጠይቂ።

ሱቁን በተመለከተ፣ ከማሪየንፕላትስ ማዘጋጃ ቤት ጀርባ፣ ዲነርሽትራሰ ላይ ያለው ዳልማየር ጋ ሂጂ። ጀርመኖች ፋይንኮስት የሚሉት፣ ምርጥ ምርጥ ምግብ የሚሸጥበት ዓይነት ሱቅ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ነገር ግን አይብም ሆነ ሰላጣ በግራም መዝነው ስለሚሰጡሽ ጥቂት ጥቂት መግዛት ትችያለሽ። ሻጮቹ ምን ውስጡ እንዳለ ያውቃሉ፤ ሳታፍሪ ጠይቂ። ዳልማየር በቡናውም የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ቡና ስላለው እዚህ ላሉ ጀርመናውያን ጓደኞችሽ ጥሩ ስጦታ ይሆናል።

ሥጋውን ተዪው። ሺንከን የሚሉት የጭን ሥጋም ቋሊማውም አብዛኛው አሳማ ነው። ለልጆች የሚገዛው የሚለጠጥ ከረሜላም ብዙ ጊዜ የአሳማ ጌላቲን አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ስትጭኚ ሽቶለኑን በልብስ ጠቅልለሽ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አስገቢው። ማርዚፓኑን በእጅሽ ያዢው። ማርና ሰናፍጭ ከገዛሽም ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግቡ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ ፍተሻው ላይ ሊወስዱብሽ ይችላሉ።