ሞጁሌ በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በጓደኞቼ ግን አልከፈት አለ

ጥያቄ፦ ኔቨርዊንተር ናይትስ ኤንሃንስድ ኤዲሽን በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ የራሴን ሞጁል፣ ማለትም በጨዋታው ውስጥ የሚጫወቱት አዲስ ታሪክ፣ ሠርቼ ጨረስኩ። እኔ ጋ ያለ እንከን ይሠራል። ፋይሎቹን በቴሌግራም ለጓደኞቼ ስልክላቸው ግን አንዱን «ሀክ ፋይል የለም» አለው፤ ለሌላው ተከፈተለት፣ ነገር ግን በዕቃዎቹ ስም ፋንታ «ባድ ስትርሬፍ» የሚል ጽሑፍ ይታየዋል። አንዲት ስህተት ባረምኩ ቁጥር ከአንድ ጊጋባይት በላይ መላክም ለእኔም ለእነሱም ከብዶናል። በቅርቡ ለሁሉም ሰው ልለቅቀው ስለምፈልግ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ሞጁል ጀምሮ የሚተው ብዙ ነው፤ አንተ ጨርሰሃል። የቀረህ ማሸግ ነው፤ ብዙ ጥሩ ሥራ ተጫዋች እጅ ሳይገባ የሚቀረው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩል።

የጓደኞችህ ችግር ሁለት ቢመስልም ምንጩ አንድ ነው። ሞጁሉ ካርታውን፣ ንግግሩንና ስክሪፕቱን ይዟል። የጨመርካቸው ሞዴሎችና ምስሎች ያሉት ግን በሀክ ፋይል ውስጥ ነው፤ የጨመርካቸው ስሞችና መግለጫዎች ደግሞ በቲኤልኬ ፋይል ውስጥ። ሞጁሉ የእነዚህን ፋይሎች ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ሲከፈት ዶክዩመንትስ ውስጥ ባለው የኔቨርዊንተር ናይትስ ፎልደር ገብቶ ሀኩን በሀክ፣ ቲኤልኬውን በቲኤልኬ ፎልደር ይፈልጋል።

ስለዚህ «የለም» የተባለው ጓደኛህ ፎልደሩን ከፍቶ የሀኩን ስም ፊደል በፊደል ያንብብልህ። አንድን ፋይል ሁለት ጊዜ ያወረደ ሰው ኮምፒውተሩ ከስሙ ጫፍ ላይ ቁጥር 2ን በቅንፍ ጨምሮበት ያገኘዋል። ለሰው ዓይን ያው ፋይል ነው፤ ለጨዋታው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ከአሁን በኋላ ፋይሎቹን በተናጠል አትላክ። ሞጁልስ፣ ሀክና ቲኤልኬ የሚሉትን ፎልደሮች ልክ በጨዋታው እንዳሉት አድርገህ በአንድ ዚፕ እሰራቸው፤ ተቀባዩ ዶክዩመንትስ ውስጥ ባለው የጨዋታው ፎልደር ላይ ይዘርግፈው። ሙዚቃ ጨምረህ ከሆነ የሙዚቃውን ፎልደርም አትርሳ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስሞቹ በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ከ16 ፊደል ሳይበልጡ ይጻፉ። በሊኑክስ ላይ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያሉ። ጨዋታው ጽሑፍ የሚይዘው በአሮጌው የአንድ ባይት አሠራር ስለሆነ የእኛን ፊደል አያውቀውም፤ ይህ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር ነው።

የሁለተኛው ጓደኛህ ጉዳይ የቲኤልኬው ነው። የጨዋታው የራሱ ጽሑፎች ቁጥር አላቸው፤ ያንተዎቹ የሚጀምሩት ከ16,777,216 ነው። ቱዲኤ በሚባለው የጨዋታው የዝርዝር ሠንጠረዥ ውስጥ 16,777,221 ብለህ ከጻፍክ ጨዋታው ያንተን ቲኤልኬ ከፍቶ 5ኛ ቁጥር የተሰጠውን መስመር ይፈልጋል። ቲኤልኬው ከሌለ፣ ወይም ያ መስመር ከመጨመሩ በፊት የነበረው ቅጂ ከሆነ፣ ጓደኛህ ያየው ጽሑፍ ይመጣል። አዲሱን ላክለት። አንድ ሞጁል ደግሞ የሚይዘው አንድ ተጨማሪ ቲኤልኬ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ካዘጋጀው ጥቅል ጋር ቀላቅለህ ከሆነ ሁለቱን ቲኤልኬዎች አንድ ላይ ማዋሐድ ግድ ይልሃል።

አሁን ስለ እርማቱ፤ ረጋ ብለህ እንድታነብ የምፈልገው ይህንን ነው። ተጫዋቹ ጨዋታውን ሲያስቀምጥ ሞጁሉ ከነሁኔታው ተቀድቶ አብሮ ይቀመጣል። ዛሬ ያረምከው ንግግር ትናንት ጀምሮ መሀል ለደረሰ ሰው አይደርሰውም፤ የሚያገኘው እንደ አዲስ የሚጀምር ብቻ ነው። ሀኩ ግን አይቀዳም፤ ሁልጊዜ ከፎልደሩ ይነበባል። ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የሀኩን ስም በየእትሙ አትቀያይር፤ የተቀመጠው ጨዋታ የሚጠይቀው የድሮውን ስም ነው። የእትሙን ቁጥር በዚፑ ስም ላይ ጻፈው። ሁለተኛው፣ ቱዲኤ በሚባሉት ሠንጠረዦች መሀል አዲስ ረድፍ አታስገባ። የፍጡራንን መልክ በሚወስነው ሠንጠረዥ መሀል አንድ አውሬ ብትሰነቅር ከሥሩ ያለው ሁሉ አንድ ረድፍ ይወርዳል። የተቀመጠው ጨዋታ የያዘው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ ተጫዋቹ ተመልሶ ሲገባ የመንደሩን ዘበኛ በሬ ሆኖ ያገኘዋል። አዲስ ነገር ሁልጊዜ ከታች ይጨመር፤ የማትፈልገውን ረድፍም አትሰርዘው፣ በአራት ኮከብ ሞልተህ ባዶውን ተወው።

የክብደቱን ነገር ሀኩን ለሁለት በመክፈል ታቃልለዋለህ። የማይለወጡትን ከባድ ሞዴሎችና ምስሎች በአንድ ትልቅ ሀክ አስቀምጥ፤ ሠንጠረዦቹንና እርማቶቹን በሌላ ትንሽ ሀክ አድርግ። ሞጁሉን በምትሠራበት በአውሮራ መሣሪያ ውስጥ በሞጁሉ መግለጫ ላይ ትንሹን ከላይ አድርገው። አንድ ፋይል በሁለቱም ውስጥ ካለ የላይኛው ያሸንፋል። ከዚያ በኋላ የምትልከው ትንሿን ሀክና ሞጁሉን ብቻ ነው።

ሰርቨር ከፍተህ ከጓደኞችህ ጋር በአንድነት መጫወት ካሰብክ ግን ኤንደብልዩሲንክን ተጠቀም። ቢምዶግ የተባለው ኩባንያ ጨዋታውን በ2018 በአዲስ መልክ ካወጣው በኋላ ከጨመራቸው ነገሮች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። መሣሪያው ሞጁሉ የሚፈልጋቸውን ፋይሎች እየለያየ በመደበኛ የድረ ገጽ ሰርቨር ላይ ለማኖር ያዘጋጅልሃል፤ ተጫዋቹ ሲገባ የጎደለውን ጨዋታው ራሱ ያወርድለታል። አንድ ምስል ብትቀይር የሚወርደው ያ ምስል ብቻ ነው። ፋይል በእጁ መገልበጥ ለሚከብደው የስልክ ተጫዋችም እፎይታ ነው።

ከመልቀቅህ በፊት አንድ ፈተና አድርግ። ዶክዩመንትስ ውስጥ ያለውን የጨዋታውን ፎልደር ስም ቀይረው፤ ጨዋታውን ስትከፍት አዲስ ባዶ ፎልደር ይፈጥራል። ዚፕህን እዚያ ዘርግፈህ ከመጀመሪያው ጀምረህ ተጫወት። ኦቨርራይድ በሚባለው የጨዋታው ፎልደር ውስጥ ረስተኸው የነበረ ምስል ካለ ያን ጊዜ ይጋለጣል፤ አንተ ጋ ሲሠራ የኖረው እሱ ስላለ ነበር።

የመልቀቂያውን ቦታ በተመለከተ ተጫዋቾች የሠሩት የሚከማችበትን ድረ ገጽ፣ ኔቨርዊንተር ቮልትን፣ አስቀድም። የስቲም ወርክሾፕ ምቹ ነው፤ ጨዋታውን ጎግ ከተባለው ሌላ የጨዋታ መደብር የገዛ ሰው ግን አይደርስበትም። በሁለቱም ብታስቀምጠው ይሻላል። ጨዋታው በ2002 ከወጣ ጀምሮ ሰዎች የሠሩት የተከማቸበት የድሮው ቮልት አይጂኤን በተባለው የጨዋታ ድረ ገጽ ሥር ነበር፤ እሱ ሲዘጋ ያ ሁሉ ሥራ የተረፈው በጎ ፈቃደኞች ወደ አዲሱ ስላሻገሩት ነው። የሌላ ሰው ሞዴል ተጠቅመህ ከሆነ ፈቃዱን አንብብ፣ የሠሪውንም ስም በመግለጫው ላይ ጻፍ። እንደ ኮሚዩኒቲ ኤክስፓንሽን ፓክ ያለ ትልቅ ጥቅል ከሆነ የተመሠረትክበት በራስህ ዚፕ ውስጥ አትክተተው፤ የትኛው እትም እንደሚያስፈልግ ብቻ አስታውቅ። አለዚያ ተጫዋቹ ለሌላ ሞጁል ያስቀመጠውን አዲስ እትም ያንተ አሮጌ ይደመስስበታል።