ዕቃው ነው ወይስ እኔ? የበርገር ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እህቴ ከዱባይ በርገር ፕሬስ ይዛልኝ መጣች፤ ያ ክብ፣ እጀታ ያለው የአሉሚኒየም መጫኛ። ለክትፎ የሚሆን ምርጥ ቀይ ሥጋ አስፈጭቼ፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ጨምሬ ሞከርኩት። ሥጋው ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በመከራ ያወጣሁትም መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ይሰበሰብና መሃሉ ያብጣል። ሲበላ ደግሞ ደረቅ ነው። ዕቃው ነው ወይስ እኔ? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ዕቃሽ ደህና ነው እህቴ። ፕሬስ ሥራው ቅርጽ መስጠት ብቻ ነው። በርገሩ ደረቅ ይሁን ለስላሳ የሚወሰነው ሥጋ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው። እኛ ሥጋ ቤት ገብተን የተፈጨ ስናዝ አፋችን የለመደው «ቀይ ይሁንልኝ፣ ጮማ እንዳይገባበት» ማለት ነው። ለክትፎ ልክ ነው፤ ቅቤው ኋላ ይመጣል። በርገር ግን ቅቤ የሚያፈስለት የለም፤ ቅባቱን ከራሱ ይዞ መምጣት አለበት። ከ1 ኪሎው 200 ግራሙ ጮማ ይሁን። ፍሪምባ ካገኘሽ ከቀዩ ጋር ቀላቅለሽ አስፈጪ። ሻኛውን ግን ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች ተዪላቸው፤ እሱን መፍጨት ግፍ ነው።

ክዳኑ ላይ የተጣበቀብሽ ደግሞ ሥጋው ስለሞቀ ነው። ሥጋው ከቄራ መጥቶ ሥጋ ቤት ተሰቅሎ ይውላል፤ ማሽኑ ሲፈጨው ይብስ ይሞቃል። የሞቀ ጮማ እየተቀባ ይሄዳል እንጂ ተቆርጦ አይለይም። ስለዚህ ባለ ሥጋ ቤቱ በትልቁ ቀዳዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይፍጭልሽ። ቤት ስትደርሺ ቢያንስ 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። ፕሬሱንም አብረሽ አስገቢው፤ ቀዝቃዛ አሉሚኒየም ብዙ አይዝም።

እንቁላሉንና ፍርፋሪውን ተያቸው። ጨውም አብሮ አይታሽ። ጨው የሥጋውን ፕሮቲን እያሟሟ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ከዚያ የምትበዪው በርገር ሳይሆን ቋሊማ ነው። ጨውና ቁንዶ በርበሬውን መጥበሻ ላይ ልታስቀምጪው ስትይ ከላይ ነስንሺበት።

አሁን ወደ ፕሬሱ። 150 ግራም መዝኚና በእጅሽ ሳታሺው አድበልብዪው። የመጋገሪያ ወረቀት በክቡ ልክ ቁረጪ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ወረቀት ካጣሽ ንጹህ የምግብ ፌስታል ቀደሽ አንጥፊ። አንዴ ጫን አድርጊ፣ ሩብ ዙር አዙሪው፣ ደግመሽ ጫኚ፣ በቃ። ቅርጹ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ውፍረቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ የምፈልገውም እሱን ነው። ሥጋው በዳር ሾልኮ ከወጣ ወይ አብዝተሻል ወይ ጉልበትሽ በዝቷል። ዳሩ ከተሰነጠቀ በእርጥብ ጣት ዳበስ አድርጊው።

የማበጡ ነገር እንዲህ ነው። ዳሩ ቀድሞ ይበስልና ይኮማተራል፤ ልክ መቀነት እንደጠበቀበት ወገብ መሃሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሳትጠብሺው በፊት መሃሉን በአውራ ጣትሽ ጎድጎድ አድርጊው። ሲበስል ጉድጓዱ ሞልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። መጠበቡ ግን አይቀርም፤ ጥሬው ከዳቦው ትንሽ ሰፋ ይበል።

መጥበሻው ይጋል። በአንድ ፊት 4 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በማገላበጫው እየተጫንሽ «ቸስ» የምታሰኚው ከሆነ የጮማው ዋጋ ምድጃው ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። (ትኩስ መጥበሻ ላይ ሥጋ የሚጨፈለቅበት ከባዱ የብረት መጫኛ ሌላ ዕቃ ነው፤ ከሱ ጋር እንዳይምታታብሽ።) ለብ ለብ ይሁንልኝ የሚል እንግዳ ካለሽ ደግሞ አታስተናግጂው። ከላይ የነበረው ጀርም ሲፈጭ መሃል ድረስ ይገባል። የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፤ ፕሬስ መግዣ የለኝም። ያለሱ አይሆንም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እንዴት አይሆንም ወንድሜ! ሰፊ አፍ ያለው የጃር ክዳን ፈልግ። ውስጡን ፌስታል አልብሰው፣ ሥጋውን አስገባና በስኒ ማስቀመጫ ጀርባ ጫነው። ፌስታሉን ስትስበው ክቡ ይወጣል። ለሁለትና ለሦስት ሰው ፕሬስ መግዛት ቅንጦት ነው። ሃያ ሠላሳ በርገር ለልደት ለሚሠራ ግን ሁሉም እኩል ወፍሮ እኩል እንዲበስል ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ሠርቼ ለሳምንቱ ፍሪዘር ባስገባውስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይቻላል፤ በየመሃሉ ወረቀት ይግባ። መጀመሪያ ትሪ ላይ ዘርግተሽ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ይሁን፣ ከዚያ በፌስታል ጠቅልዪው። ፍሪዘሩ ደህና ከሆነ 3 ወር አይጎዳውም። መብራት ጠፍቶ ለስልሶ ሙቀት ከነካው ግን መልሰሽ በረዶ ልታደርጊው አትሞክሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ በጾምም በርገር በርገር ይሉኛል። ይኼ ዕቃ ለጾም አይሆንም? (ከደሴ)

መልስ፦ ይሆናል እማማ፤ እንዲያውም ለጾሙ የበለጠ ይስማማል። ሽምብራ ይቀቅሉና ውሃውን በደንብ ያንጠፍጥፉ። በሙቀጫ ይውቀጡት፣ ግን ድቅቅ አይበል፤ ጥርስ ላይ የሚቀር ነገር ይኑረው። በዘይት የተቁላላ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩ። ማያያዣው የእርስዎው ሽሮ ነው፤ የተረፈውን ውሃ ይመጥጠዋል። ለ2 ኩባያ ሽምብራ በ3 የሾርባ ማንኪያ ይጀምሩ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ይጨምሩ። ሽሮው ቅመም ስላለው በርበሬ አያስፈልግም፤ ጨውንም ቀምሰው ነው። ፕሬሱን እዚህ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይቆይ። ሲጠብሱት አንዴ ብቻ ይገልብጡት፤ ያውም የታችኛው ፊቱ ቡናማ ሆኖ ከመጥበሻው ራሱ ሲለቅ።