ልጅ ላለበት ቤት ምን ዓይነት ውሻ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ3 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉኝ። ጀርመን ሼፐርድ ላምጣ ወይስ ላብራዶር? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሁለቱ ላብራዶር። ጀርመን ሼፐርድ በጥንቱ የበግ እረኛ ነው፤ የሚሮጥ ነገር ሲያይ አባሮ ማገድ በደሙ አለ። የቤቱን ልጆች ይለምዳል፤ ጣጣው የሚመጣው የጎረቤት ልጆች ገብተው እየጮኹ ሲሯሯጡ ነው። ላብራዶርም ቢሆን ዓመት ሲሞላው ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፤ በፍቅር ዘሎ የ3 ዓመት ልጅ ይዘርራል። እስከ ሁለት ዓመቱም አይሰክንም። ሻጩ እናቲቱን ካላሳየዎ "ንጹሕ ዘር ነው" ስላለ ብቻ ብር አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ከገጠር የሐበሻ ቡችላ ሊመጣልን ነው። "ለልጅ አይሆንም" ይሉኛል። (ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይሆናል። መጠነኛ ቁመቱ፣ አጭር ፀጉሩና ምግብ አለመምረጡ ለብዙ ቤት ይመቻል። ስሙን ያጠፋው ከቡችላነቱ ታስሮና በድንጋይ እየተባረረ ማደጉ ነው። ውሻ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንቱ ድረስ ያየውንና የሰማውን እንደ ደንብ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚገጥመው አዲስ ነገር ግን መጀመሪያ ያስፈራዋል። በሁለት ወሩ የመጣ ቡችላ እንግዲህ የቀረው ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። በነዚህ ሳምንታት የሕፃን ለቅሶ፣ የሚንከባለል ኳስ፣ መጥረጊያ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ፣ የባጃጅ ድምፅ ይወቅ። በቀን አንድ ሁለቱን፣ ከቁራሽ ሥጋ ጋር። ክትባቱ እስኪያልቅ ድረስ ግን መንገድ ላይ አያውርዱት፤ ታቅፎ ይመልከት። ቡችላ የሚፈጀው ፓርቮ የሚባለው ተቅማጥ የሚይዘው ከተበከለ መሬት ነው።

ጥያቄ፦ ከስድስት ቡችሎች የትኛውን ልውሰድ? ሻጩ ሁለት ወር ሞልቷቸዋል ይላል።

መልስ፦ ዕድሜውን ከአፉ ያንብቡ። ስምንት ሳምንት ሲሞላው 28ቱም የወተት ጥርሶች ወጥተዋል ማለት ይቻላል። ከንፈሩን በአውራ ጣትዎ ገፋ ሲያደርጉት ከክራንቻው ኋላ ያለው ድድ ባዶ ከሆነ ገና የአንድ ወር ልጅ ነው። ይህ እንደ ዋጋ ማጭበርበር የሚታለፍ አይደለም። ቡችላ ጥርሱን መቆጣጠር የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው፤ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይቆማል። በአንድ ወሩ የተለየ ቡችላ ያንን ሳይማር ልጅዎ እጅ ላይ ይመጣል።

ቀጥሎ እናቲቱን ይዩ። እንግዳ ሲቀርብ ጥግ ገብታ የምትንቀጠቀጥ ወይም ጥርሷን የምታሳይ ከሆነች ሌላ ቤት ይሞክሩ። ከዚያ ቡችሎቹን አንድ በአንድ ለብቻ አውጥተው ሁለት ሜትር ራቅ ብለው የቁልፍ ዘለላ መሬት ላይ ይጣሉ። መደንገጥ ያለ ነው፤ የሚፈልጉት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን የሚያሸተውን ነው። ተደብቆ አልወጣም ያለውን ይተዉት። መዳፉን ይዘው እስከ አሥር ይቁጠሩ፣ ጆሮውን ዳሰስ ያድርጉ። ተወራጭቶ የሚረጋጋው ይሆናል፤ ሰውነቱ ደርቆ ዐይኑን የሚያፈጠው አይሆንም። እንደ ከበሮ የተነፋ ሆድ አብዛኛውን ጊዜ የወስፋት ነው፣ ይታከማል። ድዱ የነጣ ወይም ተቅማጥ ያለበትን ግን ሐኪም ሳያየው አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ቀን የሚታሰር፣ ሌሊት የሚፈታ የጥበቃ ውሻ ለልጆችም ይሆናል?

መልስ፦ የሚያበላሸው ሰንሰለቱ ነው። ልቅ ውሻ ሲፈራ ይሸሻል፤ የታሰረው መሸሻ ስለሌለው የቀረው መንከስ ነው። ልጅ ደግሞ ኳስ ሲያሳድድ ሰንሰለቱ እስከ የት እንደሚደርስ አያሰላም። በሰንሰለት ፋንታ ከጓሮው 3 በ4 ሜትር ያህል በሽቦ አጥር ይከልሉለት፤ ጥላና ውሃ ይኑረው፣ መቀርቀሪያው የልጅ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ፣ ልጆች ያለ አዋቂ ሲጫወቱ እዚያ ይግባ። በቀረው ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ይዋል። ሌባ የሚያባርረው ጩኸቱ ነው፣ ለዚያ ደግሞ አስተማሪ አያሻውም። ኃይለኛ እንዲሆን ብሎ በርበሬ ማብላትና ጨለማ ውስጥ መዝጋት የሚያወጣው ፈሪ ውሻ ነው፤ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ወደ ምግቡ ስትጠጋ ያጉረመርማል። ልምታው?

መልስ፦ እንዳይመቱት። ማጉረምረሙ "አትቅረቢ" ማለቱ ነው፤ በዱላ ካስተዉት በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከማጉረምረሙ በፊትም ምልክት አለ፤ ፊቱን ያዞራል፣ ሳይርበው አፍንጫውን ይልሳል፣ ሳያንቀላፋ ያዛጋል፣ የዐይኑ ነጭ ይታያል፣ መብላቱን ገታ አድርጎ ይደርቃል። ከዛሬ ጀምሮ በር ተዘግቶበት ለብቻው ይብላ፤ ሳሕኑ የሚነሳው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ውሻው ሲበላ አዋቂ ሰው በሁለት ሜትር ርቀት እያለፈ ከምግቡ የሚጣፍጥ ቁራጭ ሥጋ ይጣልለትና ሳይቆም ይሂድ። ውሻው ሰው ሲመጣ ጭራውን እየቆላ ቀና ማለት ሲጀምር ርቀቱን በግማሽ ሜትር ይቀንሱ። ከደረቀ ወደ ኋላ ይመለሱ። ይህን ልምምድ ልጅቷ አትሥራው።

ጥያቄ፦ በበዓል በግ ስናርድ ሳንባውንና የተበላሸ ጉበቱን ለውሻው እንጥላለን። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ከዘር ምርጫው ሁሉ ይበልጣል። ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የአንድ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል ዕጭ የተሸከመ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ትሉ አድጎ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ውሻውን አቅፎ እጁን ወደ አፉ የሚሰድ ልጅ ይውጠዋል። ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ውሻው ግን ደህና ይመስላል።

ከረጢት ያለበትን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። ንጹሕ የሚመስለውንም ቆራርጠው 30 ደቂቃ ይቀቅሉ። ጥሬ በልቶ ከሆነ በሐኪም ተመዝኖ ፕራዚኳንቴል ይሰጠው፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም። ሁሉም የወስፋት ክኒን ይህን ትል አይገድልም። የዶሮ ወጥ ትርፍራፊም ይቅርበት፤ ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳል፣ የበሰለው አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ጥያቄ፦ የክትባቱን ጊዜ በአጭሩ?

መልስ፦ የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ቡችላ የሚገድል በሽታ) ጥምር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየዓመቱ። የወስፋት መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 8ኛው፣ እስከ ስድስት ወር በየወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ። ዐይነ ምድሩን በየቀኑ ያንሱ፤ የወስፋቱ እንቁላል ሰው ለመያዝ መሬት ላይ ሁለት ሳምንት ያህል መቆየት አለበት፣ በዕለቱ ከተነሳ አይደርስም።

ጥያቄ፦ የራሳችን ውሻ ልጄን ነክሶ ትንሽ ደማች። የተከተበ ነው።

መልስ፦ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ፣ በሰዓት እያዩ ይጠቡ። ቡናም በርበሬም አይነስንሱ። በዕለቱ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ የክትባት ካርዱንም ይያዙ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ከታዘዘ በአንዱ አያበቃም፤ ከመጀመሪያው ዕለት በኋላ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ይቀጥላል፣ የቀረውን ሐኪሙ ይነግርዎታል። ውሻውን አትግደሉት፤ 10 ቀን ተዘግቶ ይታይ። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ቡችላ ላስመጣ አስቤ ነበር። (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ቡችላ አይገባም። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ያለው መሆን አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ በብዛት ካለባቸው አገሮች ለሚመጣ ደግሞ የክትባት ማስረጃው መስፈርት ይበልጥ ጥብቅ ነው። እዚያው ከመጠለያ ሁለት ሦስት ዓመት የሞላው፣ ከልጆች ጋር የኖረ ውሻ ቢወስዱ ፀባዩ ታውቆ ያለቀ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው። ትንሽዬ ነጭ ውሻ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ከ5 ኪሎ በታች የሆነ ውሻ ከልጅ እጅ ሲወድቅ እግሩ ሊሰበር ይችላል፣ ካመመውም ይነክሳል። ልጅቷ አምስት ዓመት እስኪሞላት ይቆይ። እስከዚያ በጎረቤት ውሻ ትለማመድ፤ ራሱን ሳይሆን ደረቱን ወይም ትከሻውን ሦስት ሰከንድ ታሻሽና እጇን ታንሳ። ውሻው ከተጠጋ ትድገም፤ ከሄደ አትከተለው።