ጥያቄና መልስ፦ የመጀመሪያ ቤት ገዢዎችና የታክስ ክሬዲት

ባለፉት ወራት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ከመንግሥት የሚያገኘው የግብር ጥቅም፣ በተለይም የታክስ ክሬዲት (ከግብር ዕዳ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ገንዘብ)፣ አለ ወይስ የለም? መልሱ ጠያቂው በሚኖርበት ቦታና ስለየትኛው ጥቅም በሰማው ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ጥያቄዎቹን አሳጥሬ በየተራ እመልሳለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «የቤት ሽያጭ ወኪላችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ከፌደራል መንግሥት 15,000 ዶላር የታክስ ክሬዲት ያገኛል ብሎናል። ወንድሜም በ2009 ቤት ሲገዛ 8,000 ዶላር ተመልሶለታል። እኛ እንዴት ነው የምንጠይቀው?»

ወንድምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ ወኪሉ የነገራችሁ ግን ሕግ ሆኖ አያውቅም። የአሜሪካ ምክር ቤት የቤት ገበያው በወደቀበት በ2008 እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ ክሬዲት ፈቀደ፤ ይህ ግን በስሙ ክሬዲት ይባል እንጂ በ15 ዓመት የሚመለስ ከወለድ ነጻ ብድር ነበር። በ2009 መጀመሪያ ላይ ሕጉ ተሻሽሎ መጠኑ ከቤቱ ዋጋ 10 በመቶ፣ ቢበዛ 8,000 ዶላር ሆነ፤ ገዢው ቢያንስ ለ36 ወራት ከኖረበትም የማይመለስ ተደረገ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጊዜው ተራዝሞ፣ ቀደም ሲል ቤት የነበራቸው ሰዎችም ሌላ ቤት ሲገዙ እስከ 6,500 ዶላር እንዲያገኙ ተፈቀደ። የግዢ ውል መፈረሚያው የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 30 ቀን 2010 ነበር። ከዚያ ወዲህ ለተፈረመ የግዢ ውል፣ ጊዜው ለተወሰኑ የጦር ኃይል አባላትና በውጭ አገር ለሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ከመራዘሙ በስተቀር፣ ይህ የፌደራል ክሬዲት የለም።

15,000 የሚለው ቁጥር የመጣው በ2021 ለምክር ቤቱ ከቀረበ ረቂቅ ሲሆን ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀርቷል። በ2024ም ፕሬዚዳንት ባይደን በዓመት 5,000 ዶላር ለሁለት ዓመት የሚሰጥ ክሬዲት ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ እሱም አልጸደቀም። ረቂቅና ሕግ በቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ሲደባለቁ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ወኪሉ ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ሁልጊዜ በክፋት ነው አልልም። ነገር ግን የቤቱ ዋጋ ከአቅማችሁ ጋር የሚገጥመው ይህ 15,000 ዶላር ሲጨመር ብቻ ከሆነ፣ ቤቱ ዛሬ ከአቅማችሁ በላይ ነው።

ከሲያትል፦ «በ2008 ቤት ገዝቼ 7,500 ዶላር ወስጃለሁ። በየዓመቱ 500 ዶላር ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ቤቱን ብሸጥ የቀረ ዕዳ ይኖርብኛል?»

ክፍያው የጀመረው ከ2010 የግብር ዓመት ስለሆነ፣ 15ኛውና የመጨረሻው ክፍያ በ2025 ካስገቡት የ2024 ግብር ጋር አብቅቷል። አንድም ዓመት ካላለፈዎት ቤቱን ሲሸጡ በዚህ ምክንያት የሚጠየቁት ነገር የለም። ያለፈዎት ዓመት ያለ ከመሰለዎት ግን ከሽያጩ በፊት ከፌደራሉ የግብር መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) የሂሳብ መዝገብዎ ላይ ቀሪውን ያረጋግጡ።

ከዳላስ፦ «የሞርጌጅ ክሬዲት ሰርተፊኬት የሚባል ነገር አለ ተባልን። ምንድን ነው? ለሁለት ልጆች ወላጆች ይጠቅማልን?»

ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በፌደራል ሕግ ውስጥ እስከ ዛሬ ያለ፣ ግን ብዙ ሰው ቤቱን ከገዛ በኋላ የሚሰማው ጥቅም ነው። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው አይ አር ኤስ ሳይሆን የየግዛቱ ወይም የየአካባቢው የቤት ፋይናንስ መሥሪያ ቤት ነው። ሁሉም ግዛቶች ሁልጊዜ አይሰጡትም፤ የሚሰጡትም የገቢና የቤት ዋጋ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ዋናው ነገር ሰርተፊኬቱ የሚጠየቀው ብድሩ ከመፈረሙ በፊት በአበዳሪው በኩል መሆኑ ነው። ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ መጠየቅ አይቻልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ከ10 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ መጠን ይጻፋል። በዓመቱ የከፈሉት የቤት ብድር ወለድ በዚህ መጠን ተባዝቶ የሚገኘው ገንዘብ በፎርም 8396 አማካይነት ከግብር ዕዳዎ ላይ በቀጥታ ይቀነሳል። 300,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ቢበደሩ በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍሉት ወለድ ወደ 19,400 ዶላር ይጠጋል፤ መጠኑ 20 በመቶ ከሆነ ክሬዲቱ 3,880 ዶላር ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ግራ የሚያጋባ ነገር አለው፤ መጠኑ ከ20 በመቶ ከበለጠ የዓመቱ ክሬዲት ከ2,000 ዶላር ማለፍ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ 25 በመቶ የተጻፈበት ሰርተፊኬት 20 በመቶ ከተጻፈበት ያነሰ ያስገኛል። ለምን እንዲህ እንደተደነገገ የሚያረካ ማብራሪያ የሰጠኝ ሰው የለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ጉዳይ እንምጣ። ይህ ክሬዲት የግብር ዕዳን ወደ ዜሮ ማድረስ ይችላል እንጂ ትርፉን በቼክ አይመልስም፤ ከዚህም በላይ ተራው ከልጆች ክሬዲት በኋላ ነው። በአንድነት ግብር የሚያሳውቁ፣ በ2025 ገቢያቸው 85,000 ዶላር የነበረና ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት እንውሰድ። ከገቢያቸው ላይ 31,500 ዶላር መደበኛ ተቀናሽ ሲነሳ 53,500 ይቀራል፤ በዚህ ላይ የሚታሰበው ግብር 5,943 ዶላር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚፈቀደው 2,200 ዶላር ሲቀነስ የሚቀረው ዕዳ 1,543 ዶላር ብቻ ይሆናል። 3,880 ዶላር ክሬዲት በእጃቸው ቢኖርም በዚያ ዓመት ሊጠቀሙ የሚችሉት በዚህች 1,543 ልክ ነው። ቀሪው 2,337 ዶላር ለሦስት ዓመት ወደ ፊት መሸጋገር ይችላል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመትም ገቢውና የልጆቹ ቁጥር ያው ከሆነ ቀሪው እየተከማቸ ሄዶ ሳይነካ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዎን ስመልስ፣ ይጠቅማል፤ ግን አበዳሪው በወረቀት ላይ የሚያሳይዎትን ሙሉ ቁጥር ሳይሆን ባለፈው ዓመት የግብር ቅጽዎ ላይ ከልጆች ክሬዲት በኋላ የቀረውን ዕዳ ይመልከቱ።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ልጨምር። በሰርተፊኬቱ የተጠቀመ ሰው ቤቱን በ9 ዓመት ውስጥ አትርፎ ከሸጠና ገቢውም ከተወሰነው ጣሪያ በላይ ካደገ፣ ከተሰጠው ጥቅም የተወሰነውን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህም ቢሆን ከትርፉ ግማሽ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ወለድ ሲቀንስ ብድሩን በአዲስ ብድር የሚተካ ሰው አዲስ ሰርተፊኬት ካልጠየቀ የነበረውን መብት ያጣዋል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ «አዲስ አበባ በዕጣ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም አለኝ፤ ተከራይቷል። እኔ እዚህ አፓርታማ ውስጥ ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ቤት ገዢ እባላለሁ ወይ?» ከቶሮንቶም ተመሳሳይ ጥያቄ ደርሶኛል።

ለሁለታችሁ የምሰጠው መልስ የተለያየ ነው። በአሜሪካ ለሞርጌጅ ክሬዲት ሰርተፊኬቱ የሚሠራው የፌደራል መመዘኛ፣ ሰውየው ባለፉት ሦስት ዓመታት በባለቤትነት የያዘውና ዋና መኖሪያው የሆነ ቤት ነበረው ወይ የሚል ነው። ያከራዩትና በእነዚህ ዓመታት ያልኖሩበት ኮንዶሚኒየም ዋና መኖሪያዎ አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት በዲቪ መጥቶ፣ እስከዚያ ድረስ በራሱ ቤት ይኖር የነበረ ሰው ግን ቤቱ አዲስ አበባ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም፤ ሁኔታውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

ሜሪላንድ ውስጥ ለመግዛት የሚያስቡ ከሆነ የግዛቲቱ መመዘኛ ይበልጥ ለጋስ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ሜሪላንድ ውስጥ ዋና መኖሪያ ያደረጉት ቤት ኖሮዎት ያውቅ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ቨርጂኒያም ሆነ ኢትዮጵያ ያለ ቤት አይቆጠርም። ይህን የሚያሟላ ገዢ ሲኖር 0.5 በመቶ የሆነው የግዛቱ የስም ማዛወሪያ ግብር ወደ 0.25 በመቶ ይወርዳል፤ እሱንም የሚከፍለው ሻጩ ነው። ቤቱ 450,000 ዶላር ቢሆን፣ ገዢና ሻጭ እኩል በሚካፈሉበት ልማድ ከእርስዎ ኪስ ይወጣ የነበረው 1,125 ዶላር ይቀርልዎታል። ሁለት ሰዎች አብረው ከገዙ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሁለቱም መመዘኛውን ማሟላት አለባቸው፤ ይህም በመሐላ ቃል ይፈረማል።

የቶሮንቶዋ ጠያቂ ሁኔታ ግን ከባድ ነው። የኦንታሪዮ ግዛት እስከ 4,000፣ የቶሮንቶ ከተማ ደግሞ እስከ 4,475 የካናዳ ዶላር የሚደርስ የመሬት ዝውውር ግብር ለመጀመሪያ ገዢዎች ይመልሳሉ፤ ሆኖም መመዘኛቸው ሰውየው በዓለም ላይ በየትኛውም ቦታ ቤት ወይም በቤት ላይ የባለቤትነት ድርሻ ኖሮት የማያውቅ መሆኑን ይጠይቃል። የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም፣ ኖሩበትም አልኖሩበትም፣ ይቆጠራል። የትዳር ጓደኛዎም በትዳር ላይ ሳላችሁ ቤት ከነበራቸው ያው ነው። በእህት ወይም በእናት ስም የተያዘ፣ ገንዘቡን ግን እርስዎ የከፈሉበት ቤት ካለ፣ ጠበቃዎን ሳያማክሩ «ቤት ኖሮኝ አያውቅም» የሚለውን ማረጋገጫ አይፈርሙ። «ማን ያውቃል?» የሚለውን ምክር ከብዙ ሰው እንደሚሰሙ አውቃለሁ፤ የሐሰት ማረጋገጫ የሚያስከትለው መዘዝ ግን ከ8,475 ዶላር ይበልጣል።

መልካሙ ዜና የካናዳ ፌደራል ክሬዲት በሌላ መለኪያ መሥራቱ ነው። እዚያ የሚታየው በግዢው ዓመትና በቀደሙት አራት ዓመታት እርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ ባለቤት በሆናችሁበት ቤት ውስጥ መኖር አለመኖርዎ ስለሆነ፣ ያልኖሩበት ኮንዶሚኒየም አያግድዎትም። ክሬዲቱ በ10,000 ዶላር ላይ በዝቅተኛው የግብር መጠን የሚሰላ ነው፤ እስከ 2024 ድረስ 1,500 ዶላር የነበረው፣ የግብር መጠኑ ስለወረደ በ2025 ወደ 1,450 ዝቅ ብሏል።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ «በከተማችን ለመጀመሪያ ገዢ የሚሰጠው 5,000 ዶላር አለ ወይስ ቀርቷል?»

ቀርቷል። ያ ለዲሲ ብቻ የተለየ የፌደራል ክሬዲት ከ2011 መጨረሻ በኋላ ለተገዛ ቤት አይሠራም። በምትኩ ከተማዋ የገቢና የዋጋ ጣሪያዋን ለሚያሟሉ የመጀመሪያ ገዢዎች የባለቤትነት ሰነድ ማስመዝገቢያ ግብሩን ወደ 0.725 በመቶ ትቀንሳለች፤ 500,000 ዶላር በሆነ ቤት ላይ 7,250 የነበረው 3,625 ይሆናል። ማመልከቻው ሰነዱ ሲመዘገብ አብሮ መግባት ስላለበት የግዢውን ሰነድ ለሚያስፈጽመው የክሎዚንግ ኩባንያ አስቀድመው ይንገሩት።

ከአትላንታ፦ «ለቅድመ ክፍያ ከሥራ ቦታ የጡረታ ሂሳቤ፣ ከ401ኬ፣ 10,000 ዶላር ያለ ቅጣት ማውጣት እችላለሁ?»

ይህ ፈቃድ ያለው ሰው በራሱ ስም ለሚከፍተው የጡረታ ሂሳብ፣ ለአይ አር ኤ፣ እንጂ ለ401ኬ አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ከአይ አር ኤ ሂሳብ በዕድሜ ልክ እስከ 10,000 ዶላር ለመጀመሪያ ቤት ሲወጣ 10 በመቶው ቅጣት ይቀራል፤ ገንዘቡ ግን በ120 ቀናት ውስጥ ለግዢው መዋል አለበት፤ ከመደበኛው አይ አር ኤ ከሆነ ደግሞ የገቢ ግብሩ አይቀርም። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሂሳብ ካላቸው ሁለቱም ማውጣት ይችላሉ። ከ401ኬ በቀጥታ ማውጣት ቅጣቱን ያስከትላል፤ አሠሪዎ የሚፈቅድ ከሆነ ከሂሳቡ መበደር የተሻለ ነው፤ ሥራ ሲለቁ ቀሪው ብድር ቶሎ እንደሚጠየቅ ግን አይዘንጉ።

ከሚኒያፖሊስ፦ «በ2023 ቤት ገዝቻለሁ። አንድ የግብር ባለሙያ ያለፈውን ቅጽ አስተካክሎ የመጀመሪያ ገዢ ክሬዲት እንደሚያስመልስልኝና ከሚመጣው ላይ በመቶኛ እንደምከፍለው ነገረኝ። ልስማማ?»

አይስማሙ። ክሬዲቱ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ እንኳ የማይገባቸው ሰዎች ብዙ ጥያቄ አቅርበው ነበር፤ የግምጃ ቤቱ የግብር አስተዳደር ዋና ኢንስፔክተር በ2009 ባደረገው ማጣራት በአራት ዓመት ሕፃን ስም የቀረበ ጥያቄ ሳይቀር ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የወጣው ማሻሻያ ገዢው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆንና የግዢ ማስረጃ እንዲያያዝ አስገደደ። በ2023 ለተገዛ ቤት ግን ማስረጃው ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን የሚጠየቅ ክሬዲት የለም። የሚያመጡልዎት ፎርም 5405 ከሆነ፣ ያ ቅጽ ክሬዲቱ ካበቃ ወዲህ ያገለገለው የቀድሞውን ክሬዲት ለመመለስ ብቻ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የተጠየቀ ተመላሽ የተጠየቀውን 20 በመቶ ሊያስቀጣ ይችላል፤ ቅጹን ባለሙያው ቢያዘጋጀውም ተጠያቂው የፈረሙበት እርስዎ ነዎት። ብድሩን ሲወስዱ የሞርጌጅ ክሬዲት ሰርተፊኬት ተሰጥቶዎት ሳይጠቀሙበት ቀርተው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የክሎዚንግ ሰነዶችዎን ይፈትሹ፣ ሰርተፊኬቱ ካለም ያለፈውን ቅጽ በፎርም 1040-ኤክስ ማስተካከል የሚቻለው በመሠረቱ ቅጹ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው።