መልስ፦ 40 ፍሬሾችን ይዞ ጦሳን መውጣት

ወንድሜ፣ 40 ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት) ተማሪዎችን ይዛችሁ ከደሴ ጦሳ ተራራን ለመውጣት ምን ማሰናዳት እንዳለባችሁ ጠይቀሃል።

ሁሉንም በአንድ ሰልፍ አታስኪዷቸው። ከ8 እስከ 10 እየሆኑ ይከፈሉ፤ በየቡድኑ መንገዱን የሚያውቅ ነባር ተማሪ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሁን። የኋላው ማንንም ቀድሞ አይሄድም። ደካማውን ልጅ ከመሪው ቀጥሎ አድርጉት። ኋላ ከቀረ ግን ሌሎቹ አርፈው ይጠብቁትና ልክ እሱ ሲደርስ ይነሳሉ፤ እንዲህ ከሆነ እረፍቱ ለጠንካሮቹ ብቻ ይሆናል።

ደሴ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ በመጣ በሳምንቱ ዳገት የሚገፋ ልጅ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። እየተራመደ ማውራት ካቃተው ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። አርፎም ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም ካስመለሰው ሰው ተጨምሮለት ይውረድ። «ትንሽ ነው የቀረው» እያላችሁ አታባብሉት።

ጫማ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ለጉዞው ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል። መቆጥቆጥ ሲጀምር ያኔውኑ ፕላስተር ይለጠፍበት፤ ውሃ ከቋጠረ ግን አታፍርጡት።

ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ በሶና ቆሎ (ከብስኩት ይልቃል)፣ ሹራብ። ሹራቡ ለተራራው አናት ነው፤ ላብ ያረጠበው ልብስ ነፋስ ሲያገኘው ያንቀጠቅጣል።

ከጠዋቱ 12፡30 ተነሱ፤ የትም ብትደርሱ 6 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ጉም ከወረደ ሁሉም ባለበት ይቁምና ይቆጠር። ሲወርዱ አታስሩጧቸው፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው ቁልቁለት ላይ ነው።